አንድ ፑተር ለመሥራት፦ ከባዶ ወረቀት እስከ ግሪፑ

አንድ ጓደኛዬ አንገቱ የተሰበረ የጎልፍ ፑተር፣ ማለትም ኳሷን ሣር ላይ እያንከባለሉ ጉድጓድ ውስጥ የሚያስገቡበትን ዱላ፣ ይዞ መጣና «ይቺን ብየዳ ነገር አድርግልኝ» አለኝ። ሙያዬ ብረት ቆረጣ ነው። ፍሬዛ የሚባለው፣ መቁረጫው እየዞረ ብረት የሚቀርጽ ማሽን ላይ ቆሜ ነው የኖርኩት ማለት ይቻላል። ጎልፍ ግን አልጫወትም ነበር። ፑተሩን አገላብጬ አየሁት። ጫፉ ላይ ብረት የተሰካበት ዱላ ነው። ይሄ ምን ያስቸግራል ብዬ ሞርሳ፣ ብረት መቆንጠጫዬ፣ ላይ አሰርኩትና ለወጉ ያህል ለካሁት።

ጉዱ የጀመረው ያኔ ነው። ቀጥ ያለ የመሰለኝ ፊት 3 ዲግሪ ወደ ሰማይ ያያል። አንገቱ ሁለት ቦታ ይታጠፋል። ጀርባው መሃል ላይ ተቦርቡሯል፤ ግራና ቀኙ ግን ደንደን ብሏል። አንዱም በዘፈቀደ የተደረገ አይመስልም። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ስል ከዚያ ወዲህ አራት ፑተር ሠርቻለሁ። አንደኛው አሁን የወርክሾፔን በር ይደግፋል። ምክንያቱን ቦታው ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

እዚህ የምጽፈው ከአንድ ድፍን ብረት ተቆርጦ የሚወጣ ፑተር እንዴት እንደሚታቀድና እንደሚሠራ ነው። ፋብሪካዎች በሌላ መንገድ የሚሄዱበት ቦታ ላይ የእነሱንም እጠቅሳለሁ።

ስም እንተዋወቅ

ጎልፈኞች የፑተሩን ራስ በእግር ስም ነው የሚጠሩት። ለተጫዋቹ እግር የሚቀርበው ጎን ተረከዝ ነው። የራቀው ጎን ጣት ይባላል። ሣሩን የሚነካው ታችኛው ክፍል ልክ እንደ ጫማ ሶል ነው። ኳሷን የሚመታው ፊት፣ ራሱን ከዘንጉ የሚያያይዘው አንገት ይባላል። ዘንጉ ሻፍት፣ መያዣው ግሪፕ ነው።

ቅርጹ በሁለት ትልልቅ ቤተሰብ ይከፈላል። ቀጭንና ረዘም ያለው ብሌድ ይባላል። ወደ ኋላ ሰፋ ብሎ ግማሽ ጨረቃ ወይም ሸረሪት የሚመስለው ደግሞ ማሌት ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ብሌድ ይሻላል። ብረቱ ያንሳል፣ ስህተታችሁም ቶሎ ይታያል።

አንደኛ፦ ከእርሳስ በፊት ሕጉን

የጎልፍ መሣሪያ ሕግ የሚያወጡት ሁለት አካላት ናቸው፤ መቀመጫው ስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ የሆነው አር ኤንድ ኤ እና የአሜሪካው ዩኤስጂኤ። ፑተሩን ውድድር ላይ የሚይዘው ሰው ካለ እነሱ ያሰመሩትን መስመር አትለፉ። ራሱ ከተረከዝ እስከ ጣት ያለው ርዝመት ከፊት እስከ ኋላ ካለው መብለጥ አለበት፤ ግን ከ177.8 ሚሊሜትር አያልፍም። የራሱ ከፍታ፣ አንገቱ ሳይቆጠር፣ እስከ 63.5 ሚሊሜትር ነው። የፊቱ ወደ ላይ ማየት፣ ሎፍት የሚባለው፣ ከ10 ዲግሪ አይበልጥም። ሻፍቱም እንደ ደወል ምላስ ቀጥ ብሎ መንጠልጠል አይችልም፤ ቢያንስ 10 ዲግሪ ማዘንበል አለበት።

ሕጉን ንቆ የሠራ ሰው ምን እንደሚገጥመው ታሪክ አለ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1902 ገደማ ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ስኬኔክታዲ በምትባል ከተማ፣ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ የነበረው አርተር ናይት ሻፍቱ ተረከዙ ላይ ሳይሆን ወደ መሃል ጠጋ ብሎ የገባበት የአሉሚኒየም ፑተር ሠራ። በ1904 ዋልተር ትራቪስ የተባለ አሜሪካዊ ይህን ይዞ ባሕር ተሻገረና የብሪታንያን የአማተሮች ሻምፒዮና አሸንፎ ተመለሰ። በ1910 አር ኤንድ ኤ ይህን መሰል ፑተር ከለከለ። ክልከላው ከ40 ዓመት በላይ ቆየ። ሰውየውን እንኳ ሕግ ጥሷል ማለት አይቻልም፤ ሕጉ ነው ኋላ የመጣበት። እናንተ ግን ዛሬ ሕጉ ተጽፎ እጃችሁ ላይ አለ።

ሁለተኛ፦ አራት ቁጥሮች

አሁን ወረቀት አውጡና አራት ቁጥር ጻፉ። ርዝመት፣ የሻፍት ዘንበል፣ ሎፍት፣ የራስ ክብደት።

ርዝመት ቀላሉ ነው። አብዛኛው ፑተር ከ84 እስከ 89 ሴንቲሜትር መካከል ነው። ባለቤቱን ኳስ ፊት አጎንብሶ እንዲቆም አድርጉ፤ እጁ ተፈጥሯዊ በሆነ መንገድ የሚንጠለጠልበትን ቦታ ለኩ። አጭር ሰው አጭር፣ ረጅም ሰው ረጅም ያስፈልገዋል ብላችሁ አትደምድሙ። ብዙ የሚያጎነብስ ረጅም ሰው አጭር ፑተር ሊፈልግ ይችላል።

የሻፍቱ ዘንበል ከመሬት ሲለካ 70 ወይም 71 ዲግሪ ቢሆን ለብዙ ሰው ይሆናል። ካልተስማማው ሶሉ ሣሩ ላይ እኩል አያርፍም። ጣቱ ከተነሳ ፊቱ ለቀኝ እጅ ተጫዋች ትንሽ ወደ ግራ ያያል።

ሎፍት 3 ዲግሪ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ኳሷ መሬት ላይ የምትንከባለል ከሆነ ፊቱ ለምን ቀጥ አይልም?» ይላል። እኔም ብያለሁ። ኳሷ ወደ 46 ግራም ትመዝናለች። ሣር ላይ ስትቀመጥ ትንሽ ሰርጎድ ብላ ነው። ፊቱ ጭራሽ ቀጥ ካለ፣ ይባስ ብሎም ወደ ታች ካየ፣ ኳሷን ሣሩ ውስጥ ይጫናታል። እሷም ነጥራ ትወጣለች። ሎፍቱ ከበዛ ደግሞ አየር ላይ ትነሳና ትዘላለች። 3 ዲግሪ ገደማ ከጎጆዋ ቀስ አድርጎ ያወጣታል። መጀመሪያ ትንሽ ትንሸራተታለች፣ ከዚያ መንከባለል ትይዛለች። የመንሸራተቻው ጊዜ ባጠረ ቁጥር ጥሩ ነው።

ክብደት 350 ግራም ብላችሁ ጀምሩ። የዘመኑ ራሶች በብዛት ከ330 እስከ 370 ግራም ናቸው። ሻፍቱ ሲረዝም ራሱ ከእጅ ስለሚርቅ ከብዶ ይሰማል። ስለዚህ ለረጅም ፑተር ቀለል ያለ፣ ለአጭር ከበድ ያለ ራስ ነው የሚሠራው።

ሦስተኛ፦ ክብደቱ የት ይቀመጥ?

የፑተር ንድፍ ማለት ይህ ጥያቄ ነው። ሌላው ሁሉ ይከተለዋል።

ጥያቄውን የመለሰው ካርስተን ሶልሃይም በ1911 ኖርዌይ፣ በርገን ከተማ ተወለደ። ልጅ ሳለ ወደ አሜሪካ ሄደ፣ ጫማ ሠራ፣ ኋላም ጄኔራል ኤሌክትሪክ ገብቶ መሐንዲስ ሆነ። ሁለቱ የፑተር አብዮተኞች ከአንድ ኩባንያ መውጣታቸው ይገርመኛል። ጎልፍ የጀመረው 40 ካለፈው በኋላ ነው። ኳሷ አልገባ ስትለው ብዙዎቻችን እንደምናደርገው ጥፋቱን ዱላው ላይ ጣለ። ልዩነቱ እሱ እውነቱን ነበር። የያኔው ፑተር ክብደቱ መሃል ላይ የተከማቸ ነበር። ኳሷ ከመሃል ትንሽ ወጣ ብላ ከተመታች ራሱ እጅ ውስጥ ይጠመዘዛል፤ አቅጣጫዋም ይስታል።

በ1959 ካሊፎርኒያ ሬድዉድ ሲቲ ውስጥ፣ በቤቱ ጋራዥ፣ ክብደቱን ከመሃል አንስቶ ወደ ተረከዝና ወደ ጣት የወሰደ ፑተር ሠራ። ኳስ ሲመታ «ፒንግ» እያለ ስለሚጮህ ስሙ ከድምፁ ወጣ፤ ፒንግ 1ኤ። በ1966 ደግሞ ባለ 78 ዙር የሙዚቃ ሸክላ ማስቀመጫ ወረቀት ላይ አንሰር የተባለውን ነደፈ። ስሙ «መልስ» ማለት ነው፤ ያወጣችውም ሚስቱ ሉዊዝ ናት። ብረቱ ላይ ቦታ እንዲበቃው ከእንግሊዝኛው አጻጻፍ አንዷን ፊደል ጣላት ያለችውም እሷው ነች። በ1969 ጎልፈኛው ጆርጅ አርቸር በዚህ ፑተር ማስተርስ የተባለውን ትልቅ ውድድር አሸነፈ። ታይገር ዉድስ ለዓመታት የያዘው የስኮቲ ካሜሮን ኒውፖርት 2 የዚሁ ቅርጽ የልጅ ልጅ ነው። ጓደኛዬ ያመጣው ስብርባሪም እንዲሁ።

ሐሳቡ በእጅ ይሞከራል። አንድ መጥረጊያ እንጨት ውሰዱ። ሁለት ግማሽ ኪሎ ጨው መሃል ላይ እሰሩና እንጨቱን ከመሃል ይዛችሁ ግራ ቀኝ ጠምዝዙት። ቀላል ነው። አሁን ጨዎቹን ወደ ሁለቱ ጫፍ ውሰዱ። ያው ክብደት ነው፣ ግን እንጨቱ እምቢ ይላል። መሐንዲሶች ይህን እምቢታ ኤም ኦ አይ ይሉታል።

በቁጥር እንየው። ሁለት 50 ግራም ብረት ከመሃል 2 ሴንቲሜትር ርቀው ቢቀመጡ፣ እምቢታቸው 2 ጊዜ 50 ጊዜ 4፣ ማለትም 400 ይሆናል። እነዚያኑ ብረቶች ወደ 5 ሴንቲሜትር ብታርቋቸው 2 ጊዜ 50 ጊዜ 25፣ 2500 ይሆናል። አንድ ግራም አልጨመራችሁም፤ ከስድስት እጥፍ በላይ ግን አተረፋችሁ። ርቀቱ በራሱ ስለሚባዛ ነው። የጀርባው ጎድጓዳ ለጌጥ የተቦረቦረ እንዳልሆነ አሁን ገባችሁ። ከመሃል የተቆረጠው ብረት ነው ጫፎቹ ላይ የተቀመጠው።

ትክክል መሆን ለምን እንዲህ እንደሚያስፈልግም ላስላላችሁ። ፊቱ 1 ዲግሪ ብቻ ቢጠመዘዝ ኳሷ 3 ሜትር ስትጓዝ ከመስመሯ 5 ሴንቲሜትር ያህል ትወጣለች። የጉድጓዱ ስፋት 10.8 ሴንቲሜትር ነው፤ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 5.4። አንዷ ዲግሪ ጠርዙ ላይ አድርሳችኋለች ማለት ነው።

አራተኛ፦ አንገቱና ሚዛኑ

ያለቀ ፑተር ካገኛችሁ ሻፍቱን ጣታችሁ ላይ አግድም አስቀምጡት። ራሱ ይዞራል። ፊቱ ወደ ጣሪያ ካየ «ፊቱ የተመጣጠነ» ነው ይባላል። ጣቱ ወደ መሬት ከተንጠለጠለ ደግሞ ጣት የሚጥል ነው። ይህን የሚወስነው የሻፍቱ መስመር ከራሱ የክብደት ማዕከል በምን ያህል ርቀት እንደሚያልፍ ነው። በቀጥታ በማዕከሉ ካለፈ ፊቱ ይመጣጠናል። ወደ ተረከዝ በሸሸ ቁጥር ጣቱ ይወድቃል።

የትኛው ይሻላል? እንደ ሰውየው እጅ ነው። አንዳንዱ ፑተሩን እንደ በር በቅስት ይከፍታል፣ ይዘጋል። እሱን ጣት የሚጥለው ይረዳዋል ይባላል። ወደ ኋላና ወደ ፊት ቀጥ አድርጎ የሚገፋው የተመጣጠነውን ይመርጣል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሻፍቱ ራሱ ላይ የሚገባበትን ቦታና አንግል አስልተው ራሱ እጅ ውስጥ ጨርሶ መዞር እንዳይፈልግ የሚያደርጉ ፑተሮች መጥተዋል። ጎልፈኛው ጄ ጄ ስፖን በ2025 የዩኤስ ኦፕን ውድድርን ኦክሞንት ሜዳ ላይ ያሸነፈው ላብ ጎልፍ የተባለው ኩባንያ የሠራውን የዚህ ዓይነት ፑተር ይዞ ነው። መልካቸውን አልወደውም። ሥራቸውን ግን ማማት አይቻልም።

የእኛ ብሌድ ፕላምበርስ ኔክ የሚባለውን፣ የቧንቧ ሠራተኛ ክርን የሚመስለውን አንገት ይይዛል። ከራሱ ይወጣል፣ ወደ ፊት ይታጠፋል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይቆማል። ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ ፊቱን ከሻፍቱ ኋላ በአንድ የሻፍት ውፍረት ያህል ያስቀምጠዋል፤ ስለዚህ እጅ ከኳሷ ቀድሞ ይደርሳል። ሁለተኛ፣ የሻፍቱን መስመር ወደ ክብደቱ ማዕከል ያስጠጋል፤ ጣቱ ሙሉ በሙሉ ሳይሆን መጠነኛ ብቻ ይወድቃል።

አምስተኛ፦ ሥዕሉ

ካድ የሚባለው የኮምፒውተር መንደፊያ ፕሮግራም ካላችሁ ራሱን በሦስት አቅጣጫ ሳሉት። ፕሮግራሙ ይዘቱን ይነግራችኋል። የማይዝግ ብረት አንድ ኩብ ሴንቲሜትር ወደ 8 ግራም ይመዝናል። 350 ግራም ለማግኘት 44 ኩብ ሴንቲሜትር ግድም ያስፈልጋል። ሥዕሉ 50 ካለ 400 ግራም ይሆንባችኋል፤ ጎድጓዳውን ጥልቅ አድርጉ። 38 ካለ ደግሞ ሶሉን አወፍሩ። እኔ ሁልጊዜ 10 ግራም ያህል ትርፍ እተዋለሁ። በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት የሚሄድ ብረት አለ። መቀነስ ይቻላል፣ መጨመር ግን ጣጣ ነው።

ለመነሻ የሚሆኑ መጠኖች እነሆ። ከተረከዝ እስከ ጣት 120 ሚሊሜትር። ከፊት እስከ ኋላ 27። የፊቱ ቁመት 25። ከሶል እስከ አንገቱ አናት 75 ገደማ።

ብረት ከመቁረጣችሁ በፊት ከእንጨት ወይም በፕላስቲክ ፕሪንተር አንድ ናሙና ሥሩ። ወለል ላይ አስቀምጡት፣ ቁሙና ከላይ እዩት። ተጫዋቹ ፑተሩን ዕድሜ ልኩን የሚያየው ከዚያ ነው። ስክሪን ላይ ያማረ ቅርጽ ከላይ ሲታይ ጠማማ ሊመስል ይችላል። የማነጣጠሪያውን መስመር ርዝመትም እዚሁ ወስኑ።

ስድስተኛ፦ ብረቱን መምረጥ

ለፍሬዛ የሚመቸው 303 የሚባለው የማይዝግ ብረት ነው። ሰልፈር ስላለበት ቁርጥራጩ ተሰባብሮ ይወጣል፤ መቁረጫውን አያንቅም። ያው ሰልፈር ግን ብየዳ ላይ ጠላት ነው፤ ስፌቱ ይሰነጠቃል። አንገቱን ለብቻው ሠርታችሁ ልትበይዱት ካሰባችሁ 304 ወይም ለስላሳ የካርቦን ብረት ውሰዱ። የካርቦን ብረት ድምፁ ደስ ይላል፤ ዘይት ካልተቀባ ግን ይዝጋል።

አሉሚኒየም የብረት ሲሶ ያህል ነው የሚመዝነው። ትልቅ ማሌት ሲሠራ መሃሉን ከእሱ አድርገው ጫፎቹ ላይ ከብረት ከሁለት እጥፍ በላይ የሚከብደውን ተንግስተን ይሰኩበታል። የሶልሃይም ሐሳብ እስከ መጨረሻው ሲወሰድ ማለት ነው። ናስና ነሐስም ይሠራሉ፣ መልካቸውም ሞቅ ያለ ነው፤ ቶሎ ግን ይጫጫራሉ።

ፋብሪካ እንዴት ያደርገዋል?

በብዛት የሚሸጠው ፑተር በአብዛኛው ቀልጦ የፈሰሰ ነው። ዘዴውን እኛ አገር የመስቀል ሠሪዎችና የወርቅ አንጥረኞች ከጥንት ያውቁታል። ቅርጹ መጀመሪያ በሰም ይሠራል። ሰሙ በጭቃ ይለበሳል። ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ ወርቁ ይገባል። ቅኔው ሰምና ወርቅ የተባለው ከዚሁ ነው።

ፋብሪካው ሰሙን በብረት ቅርጽ ማውጫ በመቶዎች ያመርታል። የሰም ራሶቹን እንደ ቅርንጫፍ በአንድ ግንድ ላይ ይለጥፋቸዋል። ዛፉን ሴራሚክ ፈሳሽ ውስጥ ይነክራል፣ አሸዋ ይነሰንስበታል፣ ያደርቃል፤ ቅርፊቱ እስኪጠነክር ደጋግሞ። ሰሙ በእንፋሎት ይወጣል። ቅርፊቱ ወደ 1000 ዲግሪ ይሞቃል። ከዚያ 1600 ዲግሪ አካባቢ የደረሰ ብረት ይፈስበታል። ሲቀዘቅዝ ቅርፊቱ ይሰበራል፣ ራሶቹ ከግንዱ ይቆረጣሉ። ብረት ሲቀዘቅዝ 2 በመቶ ያህል ስለሚኮማተር ሰሙ ከመጀመሪያው ተለቅ ተደርጎ ነው የሚሠራው።

ርካሽና ፈጣን ነው። ትክክለኛነት የሚፈልጉ ቦታዎች፣ በተለይ ፊቱ፣ ከዚያ በኋላ በፍሬዛ ይስተካከላሉ። ብረት በፕሪንተር ማተምም ተጀምሯል። ኮብራ የተባለው የጎልፍ ዕቃ ኩባንያ ከኤችፒ ጋር ሆኖ በ2020 እንዲህ የታተመ ፑተር ለገበያ አቅርቧል። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ክፍት የሆነ ቅርጽ በፍሬዛ አይሠራም፤ በማተም ግን ይቻላል።

ሰባተኛ፦ መቁረጥ

ወደ ወርክሾፓችን እንመለስ። አንገቱ ከራሱ ጋር አንድ ወጥ እንዲሆን ከፈለጋችሁ 130 በ80 በ40 ሚሊሜትር የሆነ ድፍን ብረት ያስፈልጋችኋል። 3.3 ኪሎ ይመዝናል። ስትጨርሱ 350 ግራም ይቀራል። ከአስር ዘጠኝ እጁ ወለል ላይ ቁርጥራጭ ሆኖ ይወድቃል። ጠራጊውን ካላያችሁ ደስ ይላል። ገንዘብ ለመቆጠብ አንገቱን ለብቻው ሠርቶ መበየድ ይቻላል፤ ያኔ 1 ኪሎ ከምናምን የምትመዝን ብረት ትበቃለች።

መጀመሪያ ስድስቱንም ጎን አስተካክሉ። ማዕዘኑ ካልቀና ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይጣመማል።

ሁለተኛው የሻፍቱ ቀዳዳ ነው። አሁን፣ ብረቱ ገና ድፍን እያለ። የበር መደገፊያዬ የመጣው ከዚህ ነው። የመጀመሪያውን ስሠራ ቅርጹን አሳምሬ ቆረጥኩና ቀዳዳውን ለመጨረሻ አቆየሁት። ያኔ ራሱ ላይ ሞርሳ የሚይዘው ቀጥ ያለ ጎን አልቀረም። በጨርቅ ጠቅልዬ አሰርኩት። መብሻው ሲገባ ብረቱ ተንሸራተተ፤ ቀዳዳው 2 ዲግሪ ጠመመ። የሦስት ቀን ሥራ። ቀዳዳው ከፊቱ ጋር ያለው አንግል ነው ሎፍቱንም ዘንበሉንም የሚወስነው፤ ስለዚህ ቀዳዳውንና ፊቱን ብረቱን ከሞርሳ ሳታነሱ በአንድ አሰራር ጨርሷቸው። የተለመደ የፑተር ሻፍት ጫፉ 9.4 ሚሊሜትር ነው። ለማጣበቂያው ቦታ እንዲኖር ቀዳዳውን አንድ አስረኛ ሚሊሜትር አስፉት። ጥልቀቱ 25 ሚሊሜትር ይበቃል።

ከዚያ ሻካራ ቆረጣ። በ12 ሚሊሜትር መቁረጫ ትርፉን ብረት አውጡ፤ በየቦታው ግማሽ ሚሊሜትር አስቀሩ። ብረት ብዙ ሲወሰድለት ይፈታል፤ ትንሽ ይጎብጣል። ስለዚህ ከሞርሳው ፍቱት፣ ሻይ ጠጡ፣ መልሳችሁ እሰሩት፣ ከዚያ ወደ ልኩ አምጡት። ጀርባውን ለመቁረጥ ስትገለብጡት ቅርጹ ቀጥ ስላልሆነ አይያዝም። ከአሉሚኒየም የራሱን ቅርጽ የተቀበለ መንጋጋ ቀድማችሁ ሥሩ። አሰልቺ ነው፣ ሰዓት ይበላል። ግን ሁለተኛውን ፑተር በግማሽ ጊዜ ትሠራላችሁ።

ክብ ቦታዎቹ በ6 ሚሊሜትር ክብ አፍ መቁረጫ፣ በትንንሽ እርምጃ ይጨረሳሉ። ሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚመራ ፍሬዛ፣ ከሌላችሁ በእጅ ፍሬዛ ቀጥ ቀጥ ያለውን ቆርጣችሁ ክቡን በሞረድ ማውጣት ይቻላል። ድሮ የነበሩ ሠሪዎች እንዲያ ነው ያደረጉት።

ስምንተኛ፦ ፊቱ

ብሌዱን ሰፊ ክብ በሚዞር ነጠላ ጥርስ መቁረጫ አንድ ጊዜ ብታሳልፉበት ፊቱ ላይ ቅስት ቅስት መስመሮች ይቀራሉ። ቆንጆ ናቸው፣ ግን ለውበት ብቻ አይደለም። መስመሩ ጥልቅ ሲሆን ኳሷን የሚነካው ብረት ያንሳል፤ ድምፁም ይለሰልሳል። ጥልቀት ስትቀንሱ ድምፁ ጠንከር፣ ጮክ ይላል። ተጫዋቾች «ስሜቱ» የሚሉት አብዛኛው ድምፅ ነው። ካላመናችሁኝ ጆሯችሁን ደፍናችሁ ሁለት ፑተር ሞክሩ። ኦዲሲ የተባለው ኩባንያ ስሙን የተከለው ፊቱ ላይ ፕላስቲክ መሰል ፖሊዩሬቴን በመግጠም ነው፤ ድምፁን ለማለስለስ ሌላ መንገድ ማለት ነው።

ሲያልቅ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ፊቱ ላይ አቁማችሁ ከኋላ ባትሪ አብሩ። ብርሃን ሾልኮ ከታያችሁ ፊቱ ጠፍጣፋ አይደለም።

ዘጠነኛ፦ እጅ

ከማሽን የወጣ ራስ ጠርዙ ይቆርጣል። በጥሩ ሞረድ ጠርዞቹን በጥቂቱ ስበሩ። ከፊቱ ጠርዝ ላይ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። ሶሉን ከፊት ወደ ኋላ በጣም በትንሹ አጉብጡት፣ ሣር እንዳይዝ። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፤ 180፣ 320፣ 600። ፊቱን አትንኩት፤ የመቁረጫውን መስመር ታጠፉታላችሁ።

ከላይ የማነጣጠሪያ መስመሩን በቀጭን መቁረጫ ቅረጹ። ለፊቱ ፍጹም ቀጤ ነክ መሆን አለበት። ግማሽ ዲግሪ ከሳተ ተጫዋቹ ሙሉ ዘመኑን በስህተት ያነጣጥራል፤ ጥፋቱንም በራሱ ላይ ያደርገዋል።

ጸዳል የማይፈልግ ሰው በመስታወት ዶቃ ያስነፋዋል፤ ብረቱ እንደ አመድ ይደበዝዛል፣ ፀሐይ ዓይን ውስጥ አይመልስም። ጥቁር ለሚፈልግ የኬሚካል ጥቁር ቀለም አለ። ስስ ስለሆነ ሶሉ ላይ ቶሎ ይለቃል። ፋብሪካዎች በባዶ አየር ክፍል ውስጥ የሚቀቡት ፒቪዲ የሚባለው ይበልጥ ይቆያል። ኒኬል መንከርም አለ። የተቀረጸው መስመር ውስጥ ቀለም በመርፌ ጣሉ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ አሴቶን የነካ ጨርቅ ጣውላ ላይ ወጥራችሁ ከላይ አሳልፉበት። ከላይ ያለው ይጠረጋል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ይቀራል።

አስረኛ፦ መገጣጠም

ሻፍቱን ከግሪፑ ጎን ቁረጡ፤ የታችኛው ጫፍ ልኩ የተወሰነ ነው። ወደ ቀዳዳው የሚገባውን ክፍል በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ፤ ክሮሙ ላይ ማጣበቂያ አይይዝም። ቀዳዳውን በአሴቶን አጽዱ። ኢፖክሲ የሚባለውን ማጣበቂያ ቀቡ፣ እያዞራችሁ አስገቡ፣ የተረፈውን ጥረጉ። 24 ሰዓት አትንኩት። እኔ ማታ አጣብቄ በማግስቱ ማታ ነው የምመለስበት፤ አጠገቡ ከዋልኩ እጄ አያርፍም።

ግሪፑ ባለ ሁለት ፊት ቴፕ ላይ ይገባል። ቴፑን በግሪፕ ማስገቢያ ፈሳሽ አርጥቡትና ሳትጠራጠሩ በአንድ ትንፋሽ ግፉ። መሃል ላይ ከቆማችሁ ይነክሳል። የፑተር ግሪፕ ከሌሎቹ የጎልፍ ዱላዎች በተለየ አንድ ጠፍጣፋ ጎን እንዲኖረው ሕጉ ይፈቅድለታል። አውራ ጣት የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ጠፍጣፋው ለፊቱ ቀጤ ነክ መሆኑን ፈሳሹ ሳይደርቅ አረጋግጡ።

አሁን ሎፍቱንና ዘንበሉን ለኩ። አንድ ሁለት ዲግሪ ከሳተ አንገቱን በማጠፊያ ማሽን ማቃናት ይቻላል። ለስላሳ ብረት ይታዘዛል። ቀልጦ የፈሰሰው ጠንካራ ዓይነት ግን ሲለመጥ ሊሰበር ይችላል፣ ስለዚህ ቀስ።

ሙከራው

ኳሷ ላይ በማርከር ዙሪያዋን መስመር አስምሩ። ፑተሩ ፊት ላይም በሚጠፋ ማርከር ነጥብ ነጥብ አድርጉ። ቀጥ ያለ አጭር ምንጣፍ ላይ 2 ሜትር ርቀት አስር ጊዜ ምቱ። የኳሷ መስመር እየተንቀጠቀጠ ከሄደ ከመሃል አልመታችሁም ወይም ሎፍቱ ልክ አይደለም። ፊቱ ላይ ያለው ማርከር የት እንደተጠረገ እዩ። ጥርጊያው ሁልጊዜ ወደ ጣት ካደላ የሻፍቱን ርዝመት ወይም ዘንበሉን መልሳችሁ ፈትሹ፤ ቅርጹን ከመውቀሳችሁ በፊት።

አራተኛውን ፑተር ለዚያ ጓደኛዬ ሰጠሁት። 352 ግራም፣ 3 ዲግሪ፣ 86 ሴንቲሜትር። ይዞ የመጣው የተሰበረው ግን አሁንም ሞርሳዬ አጠገብ ተሰቅሏል። አልበየድኩለትም። 303 ነበር።